ከመታጠፊያው የሚሳፈሩት

ጥቅምት 9 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፤

ሰላምታዬ ያለህበትን አገር ብርድ አልፎ ቤትህ ይግባ። ጤናህን፣ እንቅልፍህን፣ ያንን የሚያስቸግርህን ወገብህን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የልብስ ስፌት መኪናዬም ደህና ናት፤ ሁለታችንም ዘይት ካገኘን እንሠራለን።

ነገሬ ስለ ጣቢያው ነው። እናትህ ስትሞት አባባ ወስዶ ያሳደገህበት፣ እሱ ሃያ ሁለት ዓመት ኃላፊ ሆኖ የኖረበት የባቡር ጣቢያ ከተዘጋ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ባቡሩ ዛሬም በቀን ሁለት ጊዜ ያልፋል። ጡሩምባውን ያሰማናል እንጂ አይቆምም፤ ሰላምታ ሰጥቶ ቤት እንደማይገባ ዘመድ ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ከባቡር መሥሪያ ቤቱ ሁለት ሰዎች መጥተው ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት። ምንድነው ብለን ጠየቅን። አዲስ የሰዓት ሰሌዳ እየተዘጋጀ መሆኑን፣ እስከ መጋቢት ሠላሳ ድረስ በቂ ምክንያት አቅርቦ “ባቡር ይቁምልን” ያላለ መንደር ጣቢያው እንደሚፈርስና ድንጋዩ ለሌላ ሥራ እንደሚሄድ ነገሩን።

መንገዱን ታውቀዋለህ። ድልድዩ ከወደቀ ወዲህ አውቶቡሱ ተራራውን ዞሮ ነው የሚሄደው፤ ከተማ ለመድረስ አራት ሰዓት ይፈጃል። በባቡር አርባ ደቂቃ ነበር። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል የሚጨርሱ አርባ አንድ ልጆች አሉን። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ከተማ ብቻ ነው። እዚያ ቤት ተከራይቶ ልጁን የሚያስቀምጥ ወላጅ አምስት ቢገኝ ነው። ሌሎቹ ባቡሩ ካልቆመ ትምህርታቸው እዚህ ላይ ያበቃል።

ስለዚህ ኮሚቴ አቋቁመናል። ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ፤ ሳልፈልግ ነው። የሒሳብ መምህሯ ጸሐፊ ናት። ጸጉር አስተካካዩ ደግሞ ሥራው ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ግን ያለ እሱ ስብሰባ አይደምቅም። የምንሰበሰበው እኔ ሱቅ ውስጥ ነው። ወንበር ስለማይበቃ ሰው በጨርቅ ጥቅል ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ጸጉር አስተካካዩ ሲነሳ የሰው ልኬት የተጻፈበት ወረቀት ሱሪው ላይ በስፒል ተያይዞ ወጣ፤ ገበያ መሀል ነው የነቃው።

ማመልከቻውን ጽፈን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። አንተ በሰው አገር የባቡር ሰዓት ሰሌዳ የምትሠራ ሰው ነህና አንብበህ አርምልን። ልጅ ሆነህ የዱቄት ሚዛን ተሳስቷል ብለህ ከባለ ሱቁ ጋር ስትከራከር “ሚዛኑ” ያሉህ ሰዎች ዛሬ ያንን ሚዛን ፈልገውታል።

እቅፍ አድርጌ ስሜሃለሁ።

የአጎትህ ልጅ


ኅዳር 2 ቀን

ለእትዬ፤

ከእኔ ዕድሜ ተቀንሶ ላንቺ ይጨመር። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ምሳዬን ሳልበላ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወገቤ እንዳለ ነው፤ ቁጣዬም እንዳለ ነው። ያንቺን ጤና ግን በሚቀጥለው ደብዳቤ ከመኪናዋ ለይተሽ ጻፊልኝ።

አሁን ወደ ማመልከቻችሁ። እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ይህ ማመልከቻ አይደለም፤ ለቅሶ ነው። “እጅግ ብዙ ሕዝብ ተቸግሯል” ትላላችሁ። እጅግ ብዙ ስንት ነው? አርባ ነው? አራት ሺህ? “ለሚመለከተው ሁሉ” ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ሁሉን የሚመለከት ወረቀት ማንም አያነበውም። የክፍሉ ኃላፊ ማዕረግ አለው፤ ጠይቁና በማዕረጉ ጻፉ። “ከጥንት ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ” የሚለውን በቀይ ሰርዤዋለሁ፤ ሐዲዱ የተዘረጋው አባትሽ ጋሼ ጎረምሳ ሳለ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለውን ግጥም ጸጉር አስተካካዩ መጻፉን ሳትነግሪኝ አውቄዋለሁ። ግጥሙ ይውጣ።

እኔ በምሠራበት ቢሮ ስድስት ሰዎች አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠን አንድ ባቡር አንድ ጣቢያ ላይ ግማሽ ደቂቃ ይቁም አይቁም ብለን ሳምንት ሙሉ እንጨቃጨቃለን። ያንን ግማሽ ደቂቃ የሚያሸንፈው እንባ ሳይሆን ቁጥር ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው አስቀምጡ። ማን ሄደ፣ ለምን ሄደ፣ ስንት ሰዓት ፈጀበት፣ ሁሉም ይጻፍ። ያልሄደስ ለምን ቀረ? የአርባ አንዱን ልጆች ዝርዝር ከነዕድሜያቸው አያይዙ። መምህሯ ሒሳብ የምታስተምር ከሆነች ይህን ለእሷ ስጪ፤ ለጸጉር አስተካካዩ አትስጪ።

እናንተ ስታሸንፉ ለማየት ምን ያህል እንደምጓጓ ልነግርሽ አልችልም። ቸኩላችሁ ግን አታበላሹት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ጤና ይስጥልኝ፤ ቤትሽ በሰላም ይዋል።

የአክስትሽ ልጅ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ለወንድሜ፤

ምሕረቱ ቁጣህን ያብርድልህ፣ አንተን ግን ያቆይህ።

እንዳልከው አደረግን። መምህሯ ደብዳቤህን አንብባ “ይሄ ሰውዬ አግብቷል?” አለች። ፈቷል አልኳት። “ገባኝ” ብላ ሥራዋን ጀመረች። ሁለት ሳምንት ቆጠርን፣ ጻፍን፣ ያለ ግጥም ላክን። ጸጉር አስተካካዩ እስካሁን አኩርፎሃል።

መልሱ በአሥራ ሁለት ቀን መጣ። እኛም ፍጥነቱን አይተን ደስ ብሎን ነበር፤ ለካ እምቢታ ፈጣን ነው። አጭር ነው፤ ቃል በቃል እነሆ፦ “ጣቢያው የተዘጋው በጥናት ነው። በቦታው በተደረገ የአራት ቀን ቆጠራ ከመድረኩ የተሳፈሩ መንገደኞች ዘጠኝ ብቻ መሆናቸው ተረጋግጧል። ይህን ጥናት የሚያፈርስ ማስረጃ ካላችሁ እስከ መጋቢት ሠላሳ አቅርቡ።”

ሱቄ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ዘጠኝ? ያኔ እኮ ገበያተኛው፣ ታማሚው፣ ተማሪው ሁሉ በባቡር ነበር የሚሄደው። ነገሩን የፈታችው እንቁላል ነጋዴዋ እማማ ናት። ከመካከላችን ከመድረኩ ላይ ተሳፍሮ የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ አለች። ማንም አላወጣም።

አንተም ታስታውሳለህ። መንደሩ ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ጣቢያው ወንዙን ተሻግሮ አንድ ሺህ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ባቡሩ ደግሞ ከጣቢያው በፊት ያለውን ዳገት ሲወጣ በመንደራችን ጫፍ ባለው መታጠፊያ ላይ እንደ ሰው ነበር የሚራመደው። ታዲያ ማን ጣቢያ ድረስ ይሄዳል? ሁሉም ከመታጠፊያው ዘሎ ይሳፈር ነበር። ቲኬት ቆራጩ ባቡሩ ውስጥ መጥቶ ሒሳቡን ይቀበላል። የ“መታጠፊያ” ቲኬት ስለሌለው ካለፈው ጣቢያ እንደተሳፈርን አድርጎ ይቆርጥልናል። ተመልከት እንግዲህ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስንሄድ ስንመለስ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ እኛ የለንም። የሌላ መንደር ሰዎች ነን።

መምህሯ የምትለው ይህ ነው። የቆጠረው ሰው አራት ቀን መድረኩ ላይ ከቆመ መታጠፊያው ፊት ለፊቱ ነው። ሰው ሲሳፈር ሳያይ አይቀርም። ያንን ሰው አግኝተን ያየውን በጽሑፍ ቢሰጠን ጥናቱ ይፈርሳል። ጸጉር አስተካካዩ ስም አውጥቶለታል፤ “ባለ ዘጠኙ” ይለዋል። ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ እስከ ዘጠኝ ይቆጥርና መቀሱን ወርውሮ “ደከመኝ፣ ቀሪውን ነገ” ይላል። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይህን ይጫወታሉ።

አንተ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰህ ዋናው መሥሪያ ቤት ጀማሪ መሐንዲስ ነበርክ። ያንን ሥራ ማን እንደሠራው የሚያውቅ የጥንት ጓደኛ አይጠፋህም። ጠይቅልኝ። ስሙን ብቻ።

የአጎትህ ልጅ


ጥር 20 ቀን

ለእትዬ፤

ሰላምና ጤና እመኝልሻለሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ አዲሱ የሰዓት ሰሌዳችን ፋታ አልሰጠኝም።

ስለጠየቅሽኝ ሰው፦ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ያኔ የነበሩት ገሚሱ ሞተዋል፣ ገሚሱ ተበትነዋል። አሮጌ ወረቀት ከመቆፈር ያሁኑን ችግር ብታሳዩ ይሻላል ብዬ አስባለሁ።

ለጣሪያ ቆርቆሮና ለቀለም የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በባንክ ልኬያለሁ። ቤቱ ታድሶ ካዩት ለማፍረስ እጃቸው ይከብዳል።

ደህና ሁኚልኝ።

የአክስትሽ ልጅ


የካቲት 8 ቀን

ለወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ። ፈጣሪ የልብህን ያውቃል፤ እኔ አላውቅም።

ገንዘቡ ደርሶኛል፤ ባንክ እንዳለ ነው። እኔ የጠየቅሁህ ስም ነው፣ የላክኸው ቆርቆሮ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ደንበኛ አይቻለሁ፤ ኮት አዝዞ ልኬት ሲባል ክንዱን የማይዘረጋ ሰው አንድ የሚደብቀው ነገር አለው።

ለእኔ ስትጽፍ “ብዙ ጊዜ ሆኖታል” ትላለህ። አንተ? “ብዙ ስንት ነው” ብለህ ያዋረድከን ሰውዬ?

መምህሯ ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዳ ነበር። አራት ሰዓት በአውቶቡስ፣ ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ኮሪደር ላይ። ጥናቱ መኖሩን ነግረዋታል፤ ለማውጣት ግን ከሁለት ወር ያላነሰ ቀጠሮ ይፈልጋል አሏት። ሁለት ወር የለንም። የቀረን ሃምሳ ሁለት ቀን ነው። የስምንተኛ ክፍል ልጆች አሁን የባለ ዘጠኙን ጨዋታ ትተውታል። ከመካከላቸው አንዷ በሳምንት ሦስት ቀን እኔ ዘንድ ቁልፍ ትተክላለች፤ ስፌት አስተምሪኝ አለችኝ። ለምን ብላት “ካልሆነ ምን አደርጋለሁ?” አለች። በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ ናት። እንዳስተምራት ስትጠይቀኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልሆነም።

ያንን ሰው የምፈልገው ልሰድበው አይደለም። ያየውን እንዲናገር ነው። የምታውቀው ካለ ይህንን ንገረው።

የአጎትህ ልጅ


የካቲት 21 ቀን

ለእትዬ፤

ሰላምታ ለማቅረብ ፊት የለኝም፤ ይህ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ይጀመር።

ባለ ዘጠኙ እኔ ነኝ።

ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። አለቃዬ የሚዘጉትን ጣቢያዎች ዝርዝር ሲያከፋፍል ከእኔ ድርሻ ላይ ጣቱን አኖረና “ይሄ ያደግህበት አይደለም እንዴ? ሌላ ሰው ልላክ?” አለኝ። ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። ለዘመዱ አደላ እንዳልባል እኔው እሄዳለሁ አልኩ። እውነቱ ይኸው ነው፣ ከዚህ የተሻለ ሰበብ የለኝም።

ጋሼ የጣቢያው ኃላፊ ነበርና ትእዛዙ በምስጢር ደርሶት ነበር። መንደሩ ለዕረፍት የመጣሁ መስሎታል። አንቺ ያኔ ባል አግብተሽ ሌላ ከተማ ነበርሽ። አራት ቀን መድረኩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩ። ቅጹ “ከመድረኩ የተሳፈሩ” ይላል። ከመድረኩ ዘጠኝ ሰው ተሳፈረ። ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። ልክ ነበር።

መታጠፊያውን አየሁት። ማየት ብቻ አይደለም፤ ቆጠርኩት። ታውቂኛለሽ፣ እኔ ደረጃ ስወጣ እንኳ የምቆጥር ሰው ነኝ። በኪስ ማስታወሻዬ በየባቡሩ ጻፍኩት፤ በአራት ቀን፣ በስምንት ባቡር፣ አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት ሰው። ጸጉር አስተካካዩ ራሱ ያኔ ጎረምሳ ሆኖ ሁለት ጊዜ ሲዘል አይቼዋለሁ። ቅጹ ግን ለዚያ ቦታ አልነበረውም። በግርጌው “ማስታወሻ” የሚል ባዶ መስመር ነበረ። ባዶ ተውኩት። ከጻፍኩ ለመንደሩ ሲል የፈጠረው ነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

በአራተኛው ቀን ጋሼ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። የምጽፈውን አላየም። “የተላክኸው መድረኩን ልትቆጥር ነው ወይስ ሰውን?” አለኝ። ሻንጣዬን ይዞ እስከ ባቡሩ ሸኘኝ።

በዚህች ዓለም ላይ በሥራቸው የሚያልከሰክሱ ሰዎችን ሁሉ ስሰድብ ኖሬያለሁ። ከሁሉም የከፋውን ጥፋት የሠራሁት አንዲት ስህተት በሌለባት ወረቀት ነው።

የማስታወሻዬን ገጽ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ቀኑ፣ የባቡሩ ቁጥር፣ የሰው ብዛት ሁሉም አለበት። የፈረምኩበትና እዚህ ያለ የውል ጽሕፈት ቤት ያረጋገጠው የምስክርነት ቃልም አብሮ አለ። ስሜና የያኔው የመታወቂያ ቁጥሬ ተጽፎበታል። ለመሥሪያ ቤቱ ስጡት። ለመንደሩ መንገር አለመንገሩን ለአንቺ ትቻለሁ። ጸጉር አስተካካዩ የፈለገውን ቢጫወት አልቀየምም።

የአክስትሽ ልጅ


መጋቢት 29 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፤

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሃያ ስድስት ቀን ሆነው። ወረቀቱን ለመሥሪያ ቤቱ የላክሁት በማግሥቱ ነው፤ ይህን እወቅ። ለአንተ ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

የማታውቀውን ልንገርህ። ጣቢያው ሲዘጋ አባባ መንደሩ ላይ ተነሳ። “እናንተ ናችሁ የገደላችሁት፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ እርምጃ መሄድ ሰንፋችሁ” እያለ በየደጁ ተጣላ። ከጸጉር አስተካካዩ አባት ጋር የልጅነት ጓደኛሞች ነበሩ፤ ሳይነጋገሩ ሞቱ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን አባባ በስተርጅና ክፉ ሆነ እል ነበር። ማን ቆጠረ ብዬ በጠየቅሁት ቁጥር “ቆጣሪው ልክ ነው” ይልና ይነሳል። አሁን ገባኝ። የአንተ ስም እንዳይነሳ ብሎ ጥፋቱን ሁሉ መንደሩ ላይ ጫነው፤ ለአንተ ሲል ጎረቤት አጥቶ ሞተ። አንተ ለዘመድ እንዳታደላ ፈራህ። እሱ አልፈራም።

ይህን ሳላወጣው ብቀር ሆዴ ይፈነዳ ነበር። አወጣሁት። አሁን ወሬውን ልንገርህ።

ደብዳቤህን ለኮሚቴው አነበብኩት። ልደብቅህ አስቤ ነበር፤ ግን ሰው ስምህን ከወረቀቱ ላይ ማየቱ አይቀርም፣ ከእኔ አፍ ቢሰማው ይሻላል ብዬ ነው። ጸጉር አስተካካዩ ሁለት ጊዜ ስለመዝለሉ የጻፍከው ጋ ስደርስ ጭንቅላቱን ደፋ። ስጨርስ አንዱ ተነስቶ የእኛው ልጅ ነው ለካ የበላን ብሎ ሊጀምር ሲል እንቁላል ነጋዴዋ እማማ አቋረጠችው።

“እሱስ ዘጠኝ ጻፈ። እኛን ከመድረኩ ማን ከልክሎን ነው ዘጠኝ የሆንነው?”

ከዚያ በኋላ ስድቡ ቀጠለ፤ ግን ሁሉም ድርሻውን እያነሳ ሆነ። አንዱ ጫማዬ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነበር ይላል። ሌላዋ እኔማ መድረኩ ለባለ ሥልጣን ብቻ ይመስለኝ ነበር አለች። ጸጉር አስተካካዩ መጨረሻ ላይ ሚዛኑ ከመጣ ጸጉሩን እኔ እንድቆርጠው ይፈቀድልኝ፣ ሌላ ቅጣት አልጠይቅም አለ። ተፈቅዶለታል።

መልስ ዛሬ ጠዋት መጣ። “የቀድሞው ቆጠራ በራሱ በቆጣሪው ቃል ያልተሟላ መሆኑ ስለታወቀ” ይልና ሙከራ ፈቅዶልናል። ከግንቦት መጀመሪያ ጀምሮ አራት ሳምንት ባቡሩ ማክሰኞና ዓርብ ይቆማል። በስምንቱ ቀን ከመድረኩ ሁለት መቶ ሰው ቲኬት ቆርጦ ከተሳፈረ ጣቢያው ይከፈታል። አንድ ሰው ከጎደለ ይፈርሳል።

ሁለት መቶ። ከመድረኩ። የእኛን ሰው ታውቀዋለህ።

የአጎትህ ልጅ


ሚያዝያ 19 ቀን

ለእትዬ፤

ፈጣሪ ለአንቺና ለመንደሩ ጉልበት ይስጥ።

ስለ ጋሼ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ገጹን ከቀደድኩበት የኪስ ማስታወሻ ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ስለ ሙከራው የማውቀውን ልናገር፤ የምጠቅመው በዚህ ብቻ ነው። አንደኛ፣ ወንዙ ላይ የእግር ድልድይ ከአሁኑ ሥሩ። ዝናብ ከመጣ አንድ ሺህ ሁለት መቶው እርምጃ ሦስት ሺህ ይሆናል። ባንክ ያለው ገንዘብ የቆርቆሮ አይሁን፣ የሳንቃ ይሁን። ሌላው፣ በመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ ሊሸኝ ይወጣል። ቆጣሪው ሸኚ አይቆጥርም፤ እንዳትታለሉ። ከሁሉም በላይ ግን አታጭበርብሩ። አንድ ሰው ሳይቀር ጉዳይ ኖሮት ይሂድ። እስከሚቀጥለው ጣቢያ ሄዶ በእግሩ የሚመለስ ሰው ካሰለፋችሁ በዓመቱ ባዶ ይሆንና ይዘጉታል፤ ያኔ የሚመሰክርላችሁ አይገኝም። ይህን የምለው ዳግመኛ ለቅጹ አድልቼ አይደለም። በዚህኛው ጊዜ ቁጥሩና እውነቱ አንድ እንዲሆኑ ስለምፈልግ ነው።

መቼም ሰው ጥርሱን ነክሶ ይጠብቃል ሲባል እሰማ ነበር። አሁን ሠርቼው አየሁት። ጻፊልኝ።

የአክስትሽ ልጅ


ሰኔ 12 ቀን

ለወንድሜ፤

ጠዋትህ ብሩህ፣ ወሬህ መልካም ይሁንልህ። ጥርስህን ልቀቀው።

በቅደም ተከተል ልንገርህ፤ አለበለዚያ “መጀመሪያ ምን ሆነ?” ብለህ ትቆጣለህ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ሰማንያ ሰው የሚሆን መድረኩ ላይ ወጣ። ባቡሩ ሲቆም አንዳንዱ አለቀሰ። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣችው ቆጣሪ ዣንጥላና ሰሌዳ የያዘች፣ ሳቅ የማታውቅ ሴት ናት። ባቡሩ ሄደ። ሰማንያው ሰው መድረኩ ላይ ቀረ። የተሳፈረው አሥራ አንድ ነበር። ሁሉም እኮ ሊያይ ነው የመጣው። አንተ ያልከው አንድም ሳይጎድል ደረሰ፤ መንገሬንም ነግሬያቸው ነበር፣ ግን ማን ይሰማል።

በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ሰዎች ከመታጠፊያው ሊሳፈሩ ሞከሩ። ልማድ ነዋ። ባቡሩ አሁን ፈጣን ስለሆነ አልቻሉም፤ አንዱ ቦይ ውስጥ ገብቶ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ መጣ። ጸጉር አስተካካዩ ያንን ሰውዬ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ያሳየዋል፤ መድረክ የተሠራው ለዚህ ነው ይላል።

ስድስተኛው ቀን ላይ መቶ ሠላሳ አራት ነበርን። በዚያን ቀን ነው አንተ የፈራኸው የመጣው። ጸጉር አስተካካዩ ሠላሳ ጎረምሳ አዘጋጅቻለሁ፣ እስከሚቀጥለው ጣቢያ ሄደው በእግራቸው ይመለሳሉ፣ ማንም አያውቅም አለ። እውነቱን ልንገርህ፣ እሺ የሚለው ቃል ከአፌ ሊያመልጠኝ ነበር። መምህሯ ደብዳቤህን አውጥታ “አንድ ሰው ሳይቀር ጉዳይ ኖሮት” የሚለውን አነበበች። ጸጉር አስተካካዩ “ይሄ ሰውዬ ካለበት ሆኖ እንኳ ያስቸግራል” ብሎ ተቀመጠ። ጎረምሶቹ ቀሩ።

ሰባተኛው ቀን ገበያ ነበር፤ መቶ ስልሳ ሰባት ደረስን። የቀረን ሠላሳ ሦስት ሰው፣ አንድ ቀን። በዋዜማው ዝናብ ሌቱን ሙሉ ወረደ።

ዓርብ ጠዋት ወንዙ ሞልቶ ድልድያችን ድረስ መጥቷል። በገንዘብህ የገዛነው ሳንቃ ነው፤ ውሃው እላዩ ላይ ይፈሳል፣ ግን አልነቀለውም። እኔ መድረኩ ላይ ቆሜያለሁ። ቆጣሪዋ አጠገቤ ናት። ሰው የለም። አሥር ደቂቃ ሲቀር ስድስት ሰው ሆንን። ቆጣሪዋ ሰዓቷን አየችና በዚህ ዝናብ ሰው ባይመጣ አይገርምም አለችኝ፤ ደግ ንግግር ነው፣ ግን ወረቀቷ ላይ ደግነት የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለ አውቃለሁ።

ከዚያ መምህሯ ከወንዙ ማዶ ብቅ አለች። ከኋላዋ የስምንተኛ ክፍል ልጆች፣ አንድ በአንድ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው። ያን ቀን ከተማው ያለው ትምህርት ቤት አዲስ ተማሪ የሚመዘግብበት ቀን ነው። ምዝገባው በዓርብ መሆኑን ከወር በፊት አረጋግጣ ነበር፤ ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም፣ ሰብሳቢዋ ካወቀች መንደሩ ያውቃል፣ መንደሩ ካወቀ ሌላው ቀን ይሰንፋል ብላ። ወላጆቻቸው ሊሸኟቸው አብረዋቸው መጥተዋል። እማማ እንቁላሏን ራሷ ላይ ተሸክማ መሀል ላይ ናት፤ ወንዙ ላይ አንድም አልሰበረችም። ያቺ ቁልፍ የምትተክልልኝ ልጅ ስትደርስ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ውሃ ነው። ቲኬቷን ቆርጣ ለእኔ አሳየችኝ፤ ስፌት እንድትማር ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

ባቡሩ ቆመ። ቆጣሪዋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። በሩ ሲዘጋ ሰሌዳውን አዙራ አሳየችኝ፤ አርባ ስምንት። አንድ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አምስት። ባዶዋ የማስታወሻ መስመር ላይ ስትጽፍ አየሁ፤ “በከባድ ዝናብ” ብላበታለች።

ደብዳቤው ትናንት ደረሰን። ጣቢያው ተከፍቷል። የሚመጣው ዓመት የሰዓት ሰሌዳ ላይ ስማችን በራሳችን መስመር ይታተማል፤ ትምህርት ሲከፈት ባቡሩ በየቀኑ ይቆማል፣ እስከዚያ በሁለቱ ቀን ብቻ ነው። ጸጉር አስተካካዩ ግጥሙን መድረኩ ላይ ለማንበብ ፈቃድ ጠይቋል፤ ዘጠኝ ሰው ብቻ ከመጣለት ይፈቀድለት ተብሏል።

አንተ ደግሞ ምን ትጠብቅ እንደሆነ አውቃለሁ። በየደብዳቤው ግርጌ ስትፈልገው ይታየኛል። ስለ አባባ ያለብኝ ገና አልወጣልኝም፤ ወጣልኝ ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ፣ አንተም ታርመዋለህ። ግን ቤቱን ጠርጌዋለሁ። ክፍልህ ደረቅ ነው። ይቅርታ በፖስታ ቤት አይላክም፤ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ነው የሚወስደው።

ባቡሩ ማክሰኞና ዓርብ ይቆማል።

የአጎትህ ልጅ